ኡዶን ቤት ስትገቡ፦ ጃፓን ለገባችሁ አዲስ ወገኖች

ጃፓን በገባችሁባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የተከራያችሁት ቤት ምድጃ ላይኖረው ይችላል፤ ቋንቋውም ገና ከ«አሪጋቶ» አላለፈም። ሆድ ግን ይህን አያውቅም። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ለመጣ ሰው በዚህ ጊዜ የምመክረው ኡዶን ቤት ነው። ኡዶን ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ የሚሠራ ወፍራም ነጭ ኑድል ነው። ተራው ሳህን በብዙዎቹ ቤቶች 400 የን አካባቢ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ያጠግባል፣ ብቻውን ገብቶ የሚበላውን ሰውም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በየከተማው የምታገኟቸው እንደ ማሩጋሜ ሴይሜንና ሃናማሩ ያሉ ቤቶች የሚያቀርቡት የሳኑኪ ኡዶን የሚባለውን ነው። ሳኑኪ ሺኮኩ ደሴት ላይ ያለው የካጋዋ ግዛት የድሮ ስሙ ነው። ዝናብ የሚያጥርበት አገር ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ ስንዴ ይዘራበታል፤ ዛሬ ግዛቱ ራሱን «የኡዶን ግዛት» ብሎ ያስተዋውቃል።

እነዚህ ቤቶች ውስጥ አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛችሁ አይመጣም። በሩ ላይ ትሪ አንስታችሁ ሰልፍ ትይዛላችሁ። ኑድሉ የሚቀቀልበት ጋ ስትደርሱ የምትፈልጉትን ዓይነትና መጠን ትናገራላችሁ። «ካኬ» በትኩስ ሾርባ የሚቀርበው ነው። «ዛሩ» ቀዝቃዛ ሆኖ በመጥቀሻ ሶስ ይበላል። «ካማአጌ» ከነመቀቀያ ውሃው ትኩስ ሆኖ ይመጣል፣ መጥቀሻው ለብቻው ነው። «ቡካኬ» ላዩ ላይ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ሶስ ይፈስበታል። መጠኑን በየቤቱ በተለያየ ስም ይጠሩታል፤ «ናሚ» ካላችሁ ግን መደበኛው መሆኑን ይረዷችኋል። «ካኬ፣ ናሚ፣ ኦኔጋይሺማስ (እባክዎ)» በቂ ነው፤ ካልወጣላችሁም ሥዕሉን በጣት ማሳየት ነውር የለውም። ትኩስ ወይስ ቀዝቃዛ ብለው ከጠየቋችሁ ትኩሱ «አትሱይ» ነው፣ ቀዝቃዛው «ትሱሜታይ»። ቀዝቃዛውን አትናቁ። ኑድሉ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ጠንከር ይላል፤ «ኮሺ» ብለው የሚያሞግሱት ያንን ጥርስ ላይ የሚሰማ ጥንካሬ ነው።

ትሪውን እየገፋችሁ ስትሄዱ በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰው ቴምፑራ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው ስለሚቆጠር በዓይን ርሃብ አታንሱ። ከዚያ ትከፍላላችሁ። ከመክፈያው አለፍ ብሎ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ የተፈጨ ዝንጅብልና «ቴንካሱ» የሚባል የቴምፑራ ፍርፋሪ ይኖራል። ብዙ ቤቶች ውስጥ በነፃ ነው፣ ውሃና ሻይም እንዲሁ። ጉርሻ ብር አይሰጥም፤ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ብትተዉ ረስታችሁት መስሏቸው ይዘው ይከተሏችኋል።

ሌላው ዓይነት ቤት በሩ ላይ የትኬት ማሽን አለው። ገንዘቡን አስገብታችሁ ቁልፉን ትጫኑና ትኬቱን ለሠራተኛው ትሰጣላችሁ። ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. አዳዲስ የየን ኖቶች ስለወጡ አንዳንድ አሮጌ ማሽን አዲሱን አይቀበልም። ሳንቲም መያዝ ይረዳል።

አሁን ልቤ ላይ ወዳለው ጉዳይ ልግባ።

የመጀመሪያውን ዐቢይ ጾም ግማሹን የገፋሁት በካኬ ኡዶን ነው። ሥጋ የለበት፣ እንቁላል የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ የጾም ምግብ አገኘሁ ብዬ አመስግኜ እበላ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚማር ጃፓናዊ ሾርባው ከምን እንደሚሠራ ሲያስረዳኝ በጣም አዘንኩ። ማንም አላታለለኝም፤ አልጠየቅኩም ነበር። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን አውቃችሁ እንድትገቡ እፈልጋለሁ።

ያ ጥርት ያለ ሾርባ መሠረቱ «ዳሺ» ነው። ዳሺ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ደርቆና ጢስ ጠጥቶ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ከተፋቀ ካትሱኦ ዓሣ፣ ከደረቁ ትናንሽ ዓሣዎችና ኮምቡ ከሚባል የባሕር ተክል ነው። መጥቀሻው ሶስም፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጣፋጩ የተጠበሰ ቶፉም በእሱ ነው የሚጣፍጡት። «ሥጋ አልበላም» ብትሉ ሥጋውን ያነሱላችኋል እንጂ ዳሺው ይቀራል፤ «ዓሣ አለበት?» ብትሉም ብዙ ሰው ዳሺን ከዓሣ ስለማይቆጥረው በቅንነት «የለበትም» ይላችኋል። ስለዚህ በስሙ ጠይቁ፦ «ዳሺ ሃይቴ ኢማስ ካ?» የአለርጂ ሰንጠረዥም እዚህ ላይ አይበቃም። እንቁላል፣ ወተትና ሽሪምፕ ይጻፋሉ፤ ካትሱኦ ግን መጻፍ ግዴታ ከሆኑት ውስጥ የለም።

ቴምፑራውም ቢሆን አትክልት ስለሆነ ብቻ የጾም አይሆንም፤ ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባል፣ ዘይቱም ሽሪምፕ የተጠበሰበት ነው። መሐሉ ክፍት ሆኖ እንደ ቱቦ የረዘመው «ቺኩዋ» ዳቦ ይመስላል እንጂ የተፈጨ ዓሣ ነው። ሙስሊም ወገኖቼም ልብ በሉ፦ ሶሱ ውስጥ ሚሪን የተባለ አልኮል ያለበት የሩዝ መጠጥ ሊኖር ይችላል፣ «ኒኩ ኡዶን» ላይ ያለው ሥጋም እንደ ቤቱ የበሬ ወይም የአሳማ ነው። አሳማ «ቡታ» ይባላል።

በጾም ቀን ቤቱ መግባት ግድ ከሆነ ካማአጌ ወይም ዛሩ አዛችሁ መጥቀሻውን ተዉት፤ ኑድሉን በዝንጅብል፣ በሽንኩርት ቅጠልና በአኩሪ አተር ሶስ ብሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሶስም ዳሺ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ጥያቄ ጠይቁበት። ጾምን ለማስረዳት ስትቸገሩ «ሾጂን» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። የቡድሃ ገዳማት ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ ስሙ ነው፤ መነኮሳቱ ዳሺያቸውን የሚያወጡት ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ይህን ቃል ስትናገሩ የሰውየው ፊት ይለወጣል፣ ነገሩ ይገባዋል።

ስለ አበላሉ ሁለት ነገር ብቻ። እኛ ቤት ሲበላ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው፤ እዚህ ኡዶንን እየሳቡ ድምፅ ማሰማት ነውር የለውም፣ ገበታ ላይ መናፈጥ ግን ነው። ሁለተኛው ጉርሻ ነው። በቾፕስቲክ ያነሳችሁትን ወደ ጓደኛችሁ ቾፕስቲክ በጭራሽ አታቀብሉ። ጃፓኖች አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን በቾፕስቲክ የሚቀባበሉት ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ የእናንተ ፍቅር ለእነሱ የሐዘን ቀን ነው የሚያስታውሳቸው። ማካፈል ስትፈልጉ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጉለት።

ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ ጨዋታውን ለቡናው አቆዩት። ትሪውን ዕቃ መመለሻው ጋ አድርሳችሁ «ጎቺሶሳማ» በሉ፤ ስለ ምግቡ ማመስገኛ ነው። ለጾም ደግሞ ከሱፐርማርኬት ደረቅ ኡዶን ግዙ። ፓኬቱ ላይ ከዱቄትና ከጨው ሌላ የተጻፈ ነገር እንደሌለ አይታችሁ ቀቅሉት፤ ከቤት በመጣላችሁ በርበሬ የተሠራ የሽንኩርት ቁሌት ሲደረግበት በጣም ይጥማል።