በደን ጠርዝ በቆሎ ለሚዘራ፦ ዝንጀሮንና የዱር አሳማን ያለ ጥይትና ያለ መርዝ መከላከል

በጅማ ዞን፣ በጌራ፣ በሸቤ ሶምቦ ወይም በሲግሞ ከደን ጋር ድንበርተኛ የሆነ ማሳ ያለው ገበሬ ሁሉ ቅሬታው ተመሳሳይ ነው። ደኑ ተከልሏል፣ ዛፍ መቁረጥ አይቻልም፣ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ከደኑ የሚወጣው ዝንጀሮና አሳማ ግን ክልሉንም ሕጉንም አያውቅም። የዱር እንስሳት ሕግ አደንን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል፤ እንስሳው ለበላው ሰብል ግን ለገበሬው የሚከፈል ካሳ አልተዘረጋም። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም ገበሬውን ሊወቅስ አይገባም።

ድሮ ጦርና ውሻ ይዞ አብሮ መውጣት የተለመደ ነበር። አሳማንም ዝንጀሮንም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለማይበላቸው አደኑ ለሥጋ ሳይሆን ለሰብል ሲባል ብቻ የሚደረግ ነበር። አደኑ ሲቀር በቦታው የተተካ ነገር የለም። ነብር በሳሳበት ደግሞ እነዚህን እንስሳት የሚያስፈራ ጠላት አይኖርም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ማሳውን ለእንስሳው አደገኛና አድካሚ ማድረግ፣ የደረሰውንም ጉዳት በወረቀት ይዞ መጠየቅ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን ለየብቻ አይሠሩም።

ማን እንደበላው ለዩ

ማሳው ተበልቶ ሲገኝ ሰውና ከብት ሳይረግጠው ዱካውን እዩ። የማይመጣውን እንስሳ ሲጠብቁ የሚያድሩ ብዙ ናቸው።

ዝንጀሮ የሚመጣው በቀን ነው። አገዳውን ወደ ራሱ ጎትቶ እሸቱን ይገነጥላል፣ ሽፋኑን በጥፍሩ ሰንጥቆ ይላጠዋል፣ ግማሹን ግጦ ይጥልና ወደ ሌላው ይሄዳል። ቆረቆንዳው ከማሳው እስከ ዛፉ ሥር ተበታትኖ ካገኛችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አገዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎብጦም ቢሆን ቆሞ ይገኛል።

የዱር አሳማ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ በተለይ ጨለማና ዝናብ ሲሆን። አገዳውን ከሥሩ ሰብሮ ይጥላል፣ ይደፈጥጣል፣ እሸቱን ከነቆረቆንዳው ያኝከዋል። መሬቱ በአፍንጫው እንደታረሰ ሆኖ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮናም ታትሞበት ይገኛል። ማሳው ጠዋት የተንከባለሉበት ከመሰለ እሱ ነው።

ጃርት አገዳውን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቀረጥፈዋል፤ በቁርጡ ላይ የሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ጭረት ጎን ለጎን ይታያል። ጎደሬና ስኳር ድንች ካለ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሮ ሥሩን ይበላል። ሚዳቋ የቡቃያውን ጫፍ ብቻ ትቀነጥባለች፤ ጉዳቷ ከሁለቱ ዋና ጠላቶች ጋር አይወዳደርም። ጉሬዛን ተዉት። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ በማሳው አጠገብ ዛፍ ላይ ስለታየ ብቻ የዝንጀሮውን ጥፋት ይሸከማል።

አዘራሩ ግማሹ ጥበቃ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 50 በ50 ሜትር በቆሎ በተለያየ ቦታ ቢዘሩ የእያንዳንዱ ማሳ ዙሪያ 200 ሜትር ነው፤ በድምሩ 800 ሜትር መጠበቅ አለባቸው። ያንኑ መሬት ጎን ለጎን አንድ ሄክታር አድርገው ቢዘሩ ዙሪያው 400 ሜትር ይሆናል፤ ወደ ደኑ የሚያየው አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥበቃ የሚያስፈልገው 100 ሜትር ነው። ማንም ሰው መሬት መለዋወጥ አይጠበቅበትም። ድንበርተኞች በዚህ ዓመት በቆሎውን በዚህ በኩል፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ በኩል እንዝራ ብለው መስማማት ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከጎረቤት ሁለት ሳምንት ቀድሞ የደረሰ ማሳ የአካባቢው ዝንጀሮ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው፤ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የቀረውም እንደዚያው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝሩ፣ ዝርያውንም አንድ አድርጉ። ቢኤች 661 ለመድረስ 160 ቀን ያህል ሲፈልግ ቢኤች 540 በ145 ቀን ገደማ ይደርሳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተዘሩ የጥበቃው ጊዜ በሁለት ሳምንት ይረዝማል፤ ያ ሁለት ሳምንት ደግሞ ሰው የሚደክምበትና የሚዘናጋበት ነው።

ሦስተኛው ከደኑ የሚዋሰነው ዳር ነው። ጉዳቱ የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ላይ በቆሎ አትዝሩ። በርበሬ ወይም ዝንጅብል ብታደርጉበት እምብዛም አይነኩትም፤ ጤፍም ከበቆሎ ይሻላል። ዋናው ነገር ሰብሉ አጭር መሆኑ ነው። ዝንጀሮ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ አይወድም፤ ጠባቂውም ከሩቅ ያየዋል። ባሕር ዛፍ ግን አትትከሉበት። የበቆሎውን ውሃ ይሻማል፣ ለዝንጀሮውም የመጠበቂያ ሰገነት ይሆነዋል። ገላጣውን ቦታ ከራሳችሁ መሬት ላይ አውጡ። ከደኑ በኩል አንድ ክንድም ብትመነጥሩ በደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፤ ያን ጊዜ የምታቀርቡት አቤቱታ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ለአሳማ ቦይ

አሳማ መውጣት አይወድም፤ ስለዚህ ቦይ ያቆመዋል። ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በማሳው በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን። አፈሩን ወደ ማሳው በኩል ጣሉና ጉብታ አድርጉ፤ ጉብታው ላይ ቃጫ ወይም የኮርች ቁራጭ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ኮርች ቶሎ ሥር ይሰዳል፣ እሾህም አለው።

ለ100 ሜትር ቦይ የሚወጣው አፈር 80 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ቢቆፍር 32 የሰው ቀን ይፈጃል፤ 16 ሰው ያለበት ደቦ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል ማለት ነው። መቆፈር ያለበት በበጋ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠናበት።

የጅማ ክረምት ብዙ ቦይ ያፈርሳል። ውሃ በቦዩ ውስጥ መሮጥ ከጀመረ ግድግዳው ይናዳል፣ አሳማውም በተናደው ላይ ይሻገራል። ለዚህ መድኃኒቱ በየ10 ሜትሩ ከታች ግማሽ ሜትር ቁመት ያለው ያልተቆፈረ አፈር መተው ነው፤ ውሃው እየቆመ ይሰርጋል። ሰኔ ሲገባ አንዴ፣ እሸት ሳይደርስ አንዴ ጥረጉት። ቦዩ ለዝንጀሮ ምንም አያደርግም። ጃርትም ቢሆን ቆፍሮ ያልፈዋል።

ማማና ተራ

ለማማው አምስት ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይበቃሉ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ይቀበሩ። ወለሉ ከመሬት ከሦስት ሜትር አይነስ፤ በቆሎው ሁለት ሜትር ተኩል ሲደርስ ዝቅ ያለ ማማ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅጠል እንጂ ማሳ አያይም። የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ የበላው ቋሚ ሰው ይዞ ይወድቃል። በየዓመቱ ከመውጣታችሁ በፊት ነቅንቁት። እንጨቱ ከራሳችሁ ተክል እንጂ ከደኑ አይሁን።

ለ100 ሜትር ጠርዝ በሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ማማ ያስፈልጋል። አንድ ከሆነ ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ጠባቂውን ያጠናና በማይታይበት በኩል ይገባል። በቀን ሁለት ሰው፣ በሌሊት ሁለት ሰው ሲመደብ በሃያ አራት ሰዓት አራት ሰው ነው፤ 12 አባወራ ከተሰባሰበ ተራው በየሦስት ቀኑ ይደርሳል። ሦስት ወይም አራት ቤት ብቻ ሆነው ሌት ተቀን እንጠብቃለን የሚሉ ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቁም።

ዝንጀሮ ከጎህ መቅደድ ጀምሮ ይንቀሳቀሳል። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ዓይን የማይነቀልበት ጊዜ ነው። ጠባቂው ለምሳ ሲወርድ ግን የቀሩት ሰዓታትም አያስተማምኑም፤ ተረኛው ማማው ላይ ሳይወጣ ያለው ሰው አይውረድ። ይህን በመተዳደሪያችሁ ላይ ጻፉት፣ ተራ የሳተም ምን እንደሚከፍል አብራችሁ ወስኑ።

ዝንጀሮ መባረር ያለበት ቀድሞ የሚወጣው ቃኚ ሲታይ ነው። መንጋው ገብቶ አንድ እሸት ከቀመሰ ያን ቀን ደጋግሞ ይመለሳል። ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ የቆርቆሮ ድምፅ፣ ጩኸት ሁሉም ይሠራሉ፤ አንዱን ብቻ ሦስት ቀን ከተጠቀማችሁ ግን ይለምደዋል። ጨርቅ የለበሰ ማስፈራሪያ በየሁለት ቀኑ ቦታው ካልተቀየረ መቀመጫ ያደርገዋል። እስከ ጠርዙ ድረስ አባሩት፣ ደን ውስጥ ተከትላችሁ አትግቡ። ትልቁን ወንድ መውጫ አታሳጡት፤ ጥርሱ ከውሻ ጥርስ ይበልጣል። ውሻ ካላችሁ ሁለትና ከዚያ በላይ ይሁኑ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየዓመቱ ይከተቡ።

ዝንጀሮ ሴትንና ሕፃንን ከወንድ ያነሰ ይፈራል። ልጅ ብቻውን ማማ ላይ ማስቀመጥ ለሰብሉም ለልጁም ጥፋት ነው። ዘር ከገባበት ቀን ጀምሮ ቡቃያው አራት ቅጠል እስኪያወጣ ዝንጀሮ ዘሩን እየቆፈረ ያወጣል፤ ይህ ወቅት ከትምህርት ማጠቃለያ ጋር ይገጥማል። የደረቀው በቆሎ የሚጠበቅበት ጊዜ ደግሞ ከመስከረም መግቢያ ጋር ይጋጫል። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ተራውን ጎልማሶች ብቻ ይያዙት። ሐምሌና ነሐሴ፣ ፍሬው ወተት ሲቋጥር፣ ትምህርት ዝግ ስለሆነ ልጆች ከአዋቂ ጋር አብረው ሊወጡ ይችላሉ።

ሌሊት የአሳማውን መግቢያ ፈልጉ። በአንድ መንገድ ይመላለሳልና ቀን ዱካውን አይታችሁ አንዱ ጠባቂ እዚያ ላይ ይሁን። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ አሳማውም ያን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማማው የማያፈስ ክዳን ያስፈልገዋል። ጠንካራ ባትሪ ድንገት ዓይኑ ላይ ማብራት ሌሊቱን ሙሉ ከሚነድ እሳት ይሻላል፤ እሳቱን ይለምደዋል።

መርዝና ወጥመድ

በበቆሎ ላይ የተደረገ መርዝ ዝንጀሮን ብቻ መርጦ አይገድልም። ጥርኙ፣ የጎረቤት ውሻ፣ በድኑን የበላው ጆፌ አሞራም አብረው ያልቃሉ፤ የቀረውን ዝናብ አጥቦ ምንጭ ውስጥ ይጨምረዋል። የሽቦ ወጥመድ ድኩላና ውሻ ይይዛል፤ ችካል የተተከለበት ጉድጓድ ደግሞ ማታ ከብት የሚፈልገውን ልጅ ይጠብቃል። መርዙም ወጥመዱም በሕግ ያስጠይቃሉ፤ አንድ ሰው ሲያዝ ደግሞ የመላው አካባቢ አቤቱታ ይዳከማል።

ጉዳቱን መዝግባችሁ ጠይቁ

አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው «ዝንጀሮ ጨረሰን» ብሎ ስለሚጀምርና ስለሚጨርስ ነው። አንድ ደብተር ማማው ላይ ይቀመጥ፤ የሚጻፈው መስመር አጭር ነው፦

«ነሐሴ 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ዝንጀሮ 25 ያህል፣ በምሥራቅ ጥግ፣ 140 አገዳ።»

ጉዳቱን ለመለካት ማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ምረጡ፤ ሁለቱ ከደኑ ጠርዝ፣ ሁለቱ ከመሃል፣ አንዱ ከሩቁ ጫፍ። በእያንዳንዱ ቦታ 10 በ10 ሜትር ለክታችሁ የተበላውን ቁጠሩ። በመስመር መካከል 75፣ በአገዳ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ከተዘራ በዚያ ቦታ 444 አገዳ ገደማ ሊኖር ይገባል። በአምስቱ በአማካይ 53 ከጎደለ ጉዳቱ ወደ 12 በመቶ ነው፤ ከማሳው 10 ኩንታል ይጠበቅ ከነበረ የጠፋው 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ነው። የልማት ሠራተኛው አብሮ ቢቆጥርና ቢፈርምበት ወረቀቱ ክብደት ያገኛል።

በበለጤ ጌራ ደን በጃይካ ድጋፍ ከተደራጁት የደን አስተዳደር ማኅበራት፣ ዋቡብ ከምንላቸው፣ አባል ከሆናችሁ መጀመሪያ ለማኅበሩ አቅርቡ። ማኅበሩ ደኑን የመጠበቅ ግዴታ የፈረመው የደን ቡና፣ ማርና መሰል ጥቅም ሊያገኝበት ነው፤ ከደኑ የሚወጣው ጉዳትም በዚያው ስብሰባ አጀንዳ ሊሆን ይገባል። በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከዚያ በቀበሌው በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩ ለኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት የጅማ ቅርንጫፍ ይሂድ።

ጥያቄው ግልጽ ይሁን። «አደን ይፈቀድልን» ብቻ የሚል ደብዳቤ በቀላሉ ይመለሳል። ይልቅ ሦስት ነገር ለየብቻ ጠይቁ፦ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን እንዲያይ፣ በተደጋጋሚ በሚያጠቃው መንጋ ላይ ሕጉ የሚፈቅደው እርምጃ በራሱ በመንግሥት አካል እንዲወሰድ፣ ለጥበቃው ባትሪና የቦይ መቆፈሪያ መሣሪያ እንዲደገፍ። የመጨረሻው ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ሊፈጸም የሚችለው እሱ ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። በ15 ቀን መልስ ካልመጣ ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛ ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ኮፒ አያይዙ። ደብተሩን ግን ለማንም አትስጡ፣ የሚፈለገው ገጽ ብቻ ይገልበጥ። በሚቀጥለው ዓመት ዘር ከመግባቱ በፊት በየካቲት ሲከፈት፣ አሳማው በየት በኩል እንደገባ፣ ዝንጀሮው በስንት ሰዓት እንደሚወርድና የትኛው ማማ መዛወር እንዳለበት የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።