የሊበን ሜዳን ወፍ ለማዳን ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በነጌሌ ከተማ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ፣ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወቃት ሊበን ላርክ የተባለች ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። ከዚህ ሌላ በኢትዮጵያ የምትታወቀው በጅግጅጋ አካባቢ ሲሆን፣ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የአፍሪካ ወፎች አንዷ ናት። ሜዳው ግን ፓርክ ሳይሆን አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዛፍ የሌለበትን መሬት ሥራ ፈት አድርጎ መቁጠር ነው። ሜዳው ሲታረስ ነባሩ ሣር ከነሥሩ ይገለበጣል፤ ጉዳቱ ግን በማሳው አያበቃም፤ ከታረሰው መሬት የተባረሩት ከብቶች በቀረው ሣር ላይ ስለሚጨናነቁ፣ ወፏ ጎጆዋን የምትደብቅበት ረጅም ሣር እዚያም ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ለተፈጥሮ በማሰብ ችግኝ መትከል ነው። በሌላ ቦታ የሚመሰገን ሥራ ቢሆንም፣ ገላጣ ሜዳ ለለመደች ወፍ ዛፍ መኖሪያ አይሆናትም። እንዲያውም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግጦሽ መሬት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ የግራር ቁጥቋጦ በቦረና ምድር በመስፋፋቱ፣ የሚያስፈልገው መትከል ሳይሆን መመንጠር ነው። ምንጣሮም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ ግንዱ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ሦስተኛውና በቅን ልቦና የሚፈጸመው ስህተት ከብትን ፈጽሞ ማገድ ነው። አርብቶ አደሩ ካሎ የሚለው የቆየ ዘዴ አለው፤ የተመረጠ ቦታ በዝናብ ወራት ከከብት ይጠበቅና ሣሩ ካደገ በኋላ በበጋ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ይከፈታል። ሣሩ የሚጠበቅበት ጊዜ ወፏ ከምትፈለፍልበት ወቅት ጋር ስለሚገጥም አንዱ አጥር ለሁለቱም ያገለግላል፤ አጥሩም ከተመነጠረው እሾህ ሊሠራ ይችላል። ሽማግሌዎችን ሳያማክሩ የተከለለ ቦታ ግን፣ በእኔ ግምት፣ የመጀመሪያውን ድርቅ አያልፍም።

በመጨረሻም የሚዘምሩ ወንዶችን ቆጥሮ ያንኑ ያህል ጥንድ አለ ማለት ያሳስታል። በሊበን ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጅጉ ያነሱ መሆናቸው ታይቷል፤ ለዚህም አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት መሬት ላይ ባለ ጎጆ ዕንቁላል ሲታቀፉ በአዳኞች መበላታቸው ነው።