ወደ ባሌ ተራሮች ቤተሰብ ይዞ መሄድ፦ ደስታው፣ ጣጣውና ዝግጅቱ

ለአብዛኞቻችን የአገር ውስጥ ጉዞ ማለት ዘመድ ጥየቃ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም ንግሥ ነው። ቁልቢ የሚሄደውም፣ ግሸን የሚወጣውም፣ በዚያው በባሌ ባላ በትሩን ይዞ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዘውም መንገደኛ የት እንደሚያርፍና ከማን ጋር እንደሚበላ አስቀድሞ ያውቃል። ዘመድ በሌለበት ብርዳም አምባ ላይ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ለመዝናናት ብቻ ማደር ግን ገና ያልለመድነው ነገር በመሆኑ፣ ስንሞክረውም በለቅሶ መድረስ ልማዳችን ቅዳሜ ሄደን እሑድ ለመመለስ እንጣደፋለን። እኔም የመጀመሪያውን የባሌ ጉዞዬን ያበላሸሁት እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን ቀን ከሞላ ጎደል መኪና ውስጥ አሳልፈን፣ ሳነቲ አምባ ላይ የቆየነው ከሁለት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ሲሆን ያየነውም ጉም ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ለማደር ጊዜ የሌለው ሰው ባሌን ለሌላ ጊዜ ያቆየው፤ ለቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይበቃዋል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተ፣ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ጎብኚውን የሚስበው ግን ስፋቱ ሳይሆን በአንድ ቀን መንገድ የሚያሳየው የአየርና የመሬት መለዋወጥ ነው። በስተሰሜን፣ ዲንሾ አካባቢ፣ የኮሶና የጥድ ዛፎች ያሉበት ደንና የጋይሳይ ሜዳ ይገኛሉ፤ ከጎባ ተነስቶ ወደ ደቡብ ሲወጣ አስታ የተባለው ዛፍ እያጠረ ሄዶ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም የቆመበት ሰፊው ሳነቲ ይዘረጋል፤ አምባው ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ጧት ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ ሹራቡን አውልቆ፣ ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለ ቡና ሥር ተቀምጦ ሊያርፍ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያቋርጠው ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው የጠጠር መንገድ በመሆኑ፣ በእግሩ ብዙ መሄድ የማይችል አዛውንት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው እንኳ ከመኪና መስኮት ብዙ ነገር ማየት ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ፣ ሳይቀር እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ አለው።

ሰው ሁሉ ማየት የሚፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። ቀበሮው ከዘመዶቹ ጋር በቡድን ቢኖርም አደኑን የሚያካሂደው ለብቻውና በቀን በመሆኑ፣ በሌሊት መብራት ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ ጧት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳነቲ ላይ በዝግታ እየነዱ ግራና ቀኙን ማየት ይበቃል። በሁለተኛው ጉዟችን ያየነው ቀበሮ ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቱን ሰብሮ ቆሞ ነበር። ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ ገላውን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ሣሩ ሲያልቅበት ይገባና ሌላ ጉድጓድ ይከፍታል። ቀበሮው ይህን ስለሚያውቅ ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። እኛም ሞተር አጥፍተን ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ፍልፈሉ ግን አልወጣም። ቀበሮውም ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ፤ ልጆቹ ግን ስለዚያ ሩብ ሰዓት እስካሁን ያወራሉ። የአካባቢው ሰው ቀበሮውን በኦሮምኛ ‹የፈረስ ቀበሮ› ብሎ የሚጠራው፣ የምትወልድ ባዝራ እየተከተለ እንግዴ ልጇን ስለሚበላ እንደሆነ አስጎብኚያችን የነገረን በዚያን ጊዜ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህን ፍልፈል ያደነ ቀበሮ ብቻ አይደለም፤ ፍንጫ ሀበራ በተባለ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኝ የዋሻ መጠለያ የተካሄደና በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከ30,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። አዲስ አበባ ካለ ሰው አንጻር የመጀመሪያው ጣጣ ርቀቱ ነው። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል፤ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ በኩል የሚሄደው መንገድ ከሻሸመኔ መጨናነቅ ያሳርፋል። በሁለቱም መንገድ ጋሪ፣ ፈረስና ከብት አስፋልቱን ስለሚጋሩት፣ ከመሸ በኋላ መንዳት የለብዎትም። የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ከሳምንት በፊት በሰሙት ወሬ አይመኑ፤ በምትነሱበት ዋዜማ ሮቤ ወይም ዲንሾ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነም ጉዞውን ለማስተላለፍ አትፈሩ። ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት፣ በረራ ባለበት ቀን ሄዶ እዚያው መኪና መከራየት ሁለት ሙሉ ቀን ያተርፋል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰውም ሮቤ ወይም ጎባ ድረስ አይቸገርም፤ ሳነቲን ለማየት ግን ወደ ደሎ መና የሚያልፍ አይሱዙ ላይ ቢሳፈር፣ ሾፌሩ ለቀበሮ ብሎ አይቆምለትም።

ሁለተኛው ጣጣ ብርዱና ከፍታው ነው። ሳነቲ ላይ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ጥርት ባለ መጠን ሌሊቱ ይከፋል። ‹እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ብርድ እናውቃለን› የሚል የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል፤ የእንጦጦ ብርድ ግን ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም። ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት መያዝ ግዴታ ነው፤ ጋቢ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም መኪና ውስጥም፣ አልጋ ላይም፣ ሜዳ ላይም ያገለግላል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለለመደ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ እንግዳ ቢሻልም፣ 4,000 ሜትር ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት ሊገጥመው ይችላል። መድኃኒቱ አለመቸኮል ነው፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ጎባ ወይም ዲንሾ ማደር፣ ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፣ አምባው ላይ አለመሮጥ። ራስ ምታቱ እየጠና ከሄደ ወይም አንድ ሰው መንገዳገድና መዘባረቅ ከጀመረ፣ ‹ትንሽ ይረፍ› ማለት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ታች ይወረዳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ማንም የማይነግራችሁ ሦስተኛው ጣጣ ምግብ ነው። ሳነቲ ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ በመሆኑ፣ ድስቱ ቢንተከተክም ምስርና ክክ ቶሎ አይበስሉም። እኛ ድንኳን ተክለን ምስር ወጥ ጥደን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ምስር በልተን ተኝተናል። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎና አስቀድሞ የተሠራ ሽሮ ይያዙ፤ ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ ላይ ደግሞ ጭኮ ጠይቁ። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጭኮ ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ ማሞቂያም ስለማይፈልግና ትንሹ ስለሚያጠግብ፣ ለዚህ አገር ብርድ ከእሱ የተሻለ ስንቅ አላውቅም። ሥጋን በተመለከተ፣ ሮቤና ጎባ የክርስቲያንም የሙስሊምም ሥጋ ቤት ስላላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባሉት ትንንሽ መንደሮች ግን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚፈልግ ሰው ሽሮውን በደስታ ይብላ።

ማደሪያን በተመለከተ ብዙ አይጠብቁ። ሮቤና ጎባ እንደ ማንኛውም የዞን ከተማ መለስተኛ ሆቴሎች አሏቸው፤ ሙቅ ውኃ እንዳለ ቃል ቢገባልዎም ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ቧንቧውን ከፍተው ይዩ። አንድ ጊዜ በስልክ የያዝነው ክፍል ስንደርስ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስላገኘነው፣ ከዚያ ወዲህ ቀብድ ሳልልክ አልነሳም። በፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ዲንሾ ላይ ማደር የሚችል ሰው ግን ከሆቴል የሚበልጥ ነገር ያገኛል፤ ጧት በሩን ሲከፍት የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ግቢው ውስጥ ሣር ሲግጡ ያያል። የስልክ ኔትዎርክ አምባው ላይ በአብዛኛው የለም፤ ነዳጅም ሆነ ጥሬ ገንዘብ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሳይያዝ ወደ ላይ አይወጣም።

ወቅቱን በተመለከተ ዕድለኞች ነን። ባሌ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብዙ ዝናብ ስለሚያገኝ፣ ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ገናና ጥምቀት የሚውሉትም በዚሁ መካከል ነው። የልጆቹን የዕረፍት ጊዜ የሚጠብቅና በክረምት የሚሄድ ሰው ለጭቃና ለጉም ይዘጋጅ፤ አገሩ አረንጓዴና አበባ የሞላበት ቢሆንም፣ ሳነቲ ላይ ከመኪናው ፊት ያለውን እንኳ የማያይበት ቀን አለ። ሶፍ ዑመር ዋሻን ማየት የሚፈልግ ሰውም በበጋ ይሂድ። የወይብ ወንዝ ከተራራው ወርዶ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውስጡን ለማየት ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስለሚያስፈልግ፣ ውኃው ሲሞላ አይገባም። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይመደብለት፤ ስፍራው ለሙስሊሞች የተቀደሰ በመሆኑም አለባበስንና አነጋገርን መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

እኔ ቀኖቹን የምደለድላቸው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለመንገድ ብቻ ይዋል፤ በሁለተኛው ቀን ዲንሾ ላይ የመግቢያ ክፍያ ተከፍሎና ከአካባቢው አስጎብኚዎች ማኅበር አስጎብኚ ተይዞ፣ የደጋ አጋዘኖቹ በእግርና በፈረስ ይታያሉ፤ ልጆች ከሁሉም የሚወዱት የፈረሱን ጉዞ ነው። ሦስተኛው ቀን የሳነቲ ነው፤ ከጎባ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ አምባው ላይ ማንጋት፣ ከረፋዱ በኋላ ወደ ሐረና ወርዶ ሪራ በተባለችው መንደር ቡና ጠጥቶ፣ ሳይመሽ መመለስ። አራተኛው ቀን መመለሻ ነው፤ ሶፍ ዑመርን የሚጨምር ሰው አንድ ቀን ይጨምር። ለአገሬው ተወላጅ የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር እንግዳ ከሚጠየቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ የተረፈውን ገንዘብ በአስጎብኚውና በፈረስ ጎታቹ ክፍያ ላይ መከራከሪያ አታድርጉት። ውሻ ይዞ መሄድም ፈጽሞ ክልክል መሆን አለበት፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል።

ሐረና ሲወርዱ ማር መግዛትዎ አይቀርም፤ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ከሚሰቀል ቀፎ የሚወርድ በመሆኑ መተው ያስቆጫል። ብቻ ዕቃውን እስከ አፉ አታስሞሉት። ታች ሐረና ላይ የተከደነ የፕላስቲክ ጀሪካን 4,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና ማሩን በክዳኑ ጠርዝ ይገፋዋል፤ የእኛ አምስት ኪሎ ማር ቱሉ ዲምቱ ግርጌ ላይ መፍሰስ ጀምሮ፣ ጋቢዎቹን አጣብቆ አዲስ አበባ ገብቷል። ሳነቲ ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ቆመው ክዳኑን ላላ፣ መልሰው ደግሞ ጠበቅ ያድርጉት።