አውቶማቲክ ሰዓት በእጅ እንዴት ይሞላል?

አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው ከክንዳችን እንቅስቃሴ ነው። ከጀርባው ክዳን ሥር ሮተር የሚባል ግማሽ ክብ የሆነ ከባድ ብረት አለ። ክንዳችን ሲወዛወዝ ሮተሩ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከርም ውስጥ የተጠቀለለውን ቀጭን ሞላ ያጠብቀዋል። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ቆጣሪዎቹ ይሄዳሉ። ሰዓቱን አውልቃችሁ ብታስቀምጡት ብዙዎቹ ለ40 ሰዓት ገደማ ሄደው ይቆማሉ። እስከ 80 ሰዓት የሚዘልቁም አሉ። ስለዚህ ሁለት ቀን ሳታደርጉት ቆሞ ብታገኙት ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ሞላው ተፈትቶ አልቆ ነው።

የቆመ ሰዓት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ አንስቶ ይነቀንቀዋል። ሰዓቱ ይነሳል፤ ይሁን እንጂ ሞላው ገና ልል ነው። ልል ሞላ ደግሞ ሰዓቱን አዛብቶ ያስቆጥረዋል፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይቆማል። ጥቂት ዙር በእጅ መሙላት ከዚህ በጣም ይሻላል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ከእጃችሁ አውልቁ። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው ይንቃታል፤ እኔ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ሰዓቱ ክንድ ላይ እያለ ጣታችሁ በጎኑ ያለችውን መሙያ ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም፤ ወደ ጎን ይገፋታል። ከመሙያዋ ጋር ወደ ውስጥ የገባው ዘንግ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። በየጊዜው ከተገፋ ይጣመማል፣ ይላላል።

ቀጥሎ መሙያዋ ምን ዓይነት እንደሆነች እዩ። ለውኃ በተሠሩ ሰዓቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብሎን የምትታሰር ናት። ወደ ግራ አዙሩና ፍቱት፤ ጥርሱ ሲያልቅ ትንሽ ፈንጠር ብላ ትወጣለች። እዚያው ተዉት። የመሙላቱ ቦታ ያ ነው። ብሎን የሌላት ከሆነች ደግሞ ባለችበት ተዉአት፣ አትሳቧት። ከሳባችሁ ቀን ወይም ሰዓት ማስተካከያው ላይ ትገባላችሁ።

አሁን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ያዙና በዝግታ ወደ ቀኝ አዙሩ። ሙሉ ዙር በአንድ ጊዜ አይወጣላችሁም፤ ግማሽ ግማሽ እያላችሁ ጣታችሁን መልሱ። ወደ ኋላ ስትመለስ ምንም አትጎዳም። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ስስ የሆነ የጥርስ ድምፅ ይሰማችኋል። ጥቂት ዙር እንደሄዳችሁ የሰከንድ ቆጣሪዋ ትነሳለች። እዚያ ላይ አታቁሙ፤ ከ20 እስከ 40 ዙር አድርሱት። ሮሌክስ ለምሳሌ ቢያንስ 25 ዙር ይላል። የእናንተ ሰዓት መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተከተሉ።

«ከልክ በላይ ሞልቼ ሞላውን እበጥሰው ይሆን?» የሚል ስጋት ሁሌም አለ። በአውቶማቲክ ሰዓት ይህ አያሳስብም። የሞላው ውጫዊ ጫፍ ከማቀፊያው ጋር ተቆልፎ አልታሰረም፤ ሲሞላ ግድግዳውን ታኮ ይንሸራተታል። ባይሆንማ ኖሮ ቀኑን ሙሉ የምንወዛወዝበት ክንድ ራሱ በበጠሰው ነበር። በእጅ ብቻ የሚሞላ ሰዓት ግን ሌላ ነው። እሱ ሲሞላ ጥብቅ ብሎ እምቢ ይላል፤ እምቢ ባለበት ማቆም ግዴታ ነው።

ጀርባው መስታወት ከሆነ እየሞላችሁ ሮተሩን ተመልከቱት። በጤናማ ሰዓት ሮተሩ ዝም ይላል፣ ቢበዛ ትንሽ ይነቃነቃል። መሙያዋን ባዞራችሁ ቁጥር እሱም አብሮ እየጮኸ የሚሽከረከር ከሆነ ወዲያው አቁሙ። በእጅ የሚሞላበትንና ሮተሩ የሚሞላበትን መንገድ የሚለያዩት ትናንሽ ባለ ጥርስ መዘውሮች ቆሽሸዋል ወይም ዘይታቸው ደርቋል። እያስገደዳችሁ ብትቀጥሉ ጥርስ ይበላል። ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት።

መሙያዋ ምንም ሳትከብድ፣ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ብትዞርስ? ምናልባት ሰዓቱ በእጅ እንዲሞላ አልተሠራም። በብዙ የሴይኮ 5 ሰዓቶች ውስጥ ያለው ሰቨን ኤስ 26 (7S26) የሚባለው የውስጥ ማሽን እንዲህ ነው። እንዲህ ላለው ብቻ ማወዛወዝ ተፈቅዷል። ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ለ30 ሰከንድ ያህል በዝግታ ግራና ቀኝ አወዛውዙት፣ ከዚያ እጃችሁ ላይ አድርጉት። የቀረውን ክንዳችሁ ይሞላዋል።

ሞልታችሁ ስትጨርሱ ቀንና ሰዓት አስተካክሉ። ቀን ከመቀየራችሁ በፊት የሰዓት ቆጣሪዋን ወደ ታች፣ ወደ 6 ቁጥር አውርዷት። ቀን ቀያሪው ጥርስ የሚሠራው ቆጣሪዋ በ12 ቁጥር ዙሪያ፣ ላይኛው ግማሽ ላይ ሳለች ነው። ያን ጊዜ በግድ ከቀየራችሁ ሊሰበር ይችላል።

በየቀኑ ሰዓቱን የምታደርጉት ከሆነ በየጠዋቱ መሙላት አያስፈልግም። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል እጅ ላይ መዋሉ ይበቃዋል። የመሙያው ጥርሶች የተሠሩት ለቆመ ሰዓት ማስነሻ ነው፤ ያለ ሥራ ባታደክሟቸው ጥሩ ነው።

በመጨረሻ መሙያዋን መልሱ። ባለ ብሎን ከሆነች በቀስታ ወደ ውስጥ ተጫኑና መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሯት፤ ጥርሱ ቦታው ሲገባ ጠቅ ሲል ይታወቃችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ እሰሩ። ከከበደቻችሁ ተጣማ ገብታለችና ፈታችሁ እንደገና ሞክሩ። በደንብ ሳትታሰር ሰዓቱን ውኃ አታስነኩት፤ እጃችሁ እርጥብ ሆኖም አትክፈቷት።