ሌዘሩ ተኩሷል፣ ውጤቱ ግን የለም፦ የፕላዝማ ሙከራ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኃይለኛ ሌዘር ዒላማን መትቶ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት ትኩስ ነገር፣ በሚፈጥርበት ሙከራ ላይ ናችሁ እንበል። ሌዘሩ ሙሉ ጉልበቱን ሰጥቷል። ዒላማውም ተበስቷል። የተጠበቀው ውጤት ግን አልመጣም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ጉልበት ለመጨመር ይሯሯጣል። እኔ ተዉት ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚጣራው ከዋናው የብርሃን ምት በፊት ዒላማው ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ምልክት፦ ከቀጭን ፎይል ፕሮቶን አይወጣም፣ ቢወጣም ጉልበት የለውም

እዚህ ዒላማው ፎይል፣ ማለትም ስስ የብረት ቅጠል ነው፤ ሌዘሩ ሲመታው ከጀርባው ፕሮቶኖች ይወረወራሉ። ካልተወረወሩ ዋናው ተጠርጣሪ ቅድመ-ምት፣ ማለትም ከዋናው ምት ቀድሞ የሚደርስ ደካማ ብርሃን ነው። የዛሬዎቹ ኃይለኛ ሌዘሮች የሚሠሩት ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረቡት ዘዴ ነው፤ በ2018 ኖቤል አሸልሟቸዋል። ምቱ በጊዜ ይለጠጣል፣ ይጎለብታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጨመቃል። ችግሩ ማጉያዎቹ የራሳቸውንም ብርሃን ማውጣታቸው ነው። እሱ አይጨመቅም፤ ከዋናው ምት ናኖሰከንዶች ቀድሞ ይደርሳል።

ደካማ ነው ብላችሁ አትናቁት። ዋናው ምት በካሬ ሴንቲሜትር 10²¹ ዋት ከሆነ፣ ቅድመ-ምቱ የሱ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሆን እንኳ 10¹⁵ ነው። ናኖሰከንድ ለሚቆይ ብርሃን ደግሞ ጠጣሩን ነገር ፕላዝማ ለማድረግ 10¹² አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ ዋናው ምት ሲመጣ ፎይሉ ቀድሞ ተነፍቷል። ፕሮቶን የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ የሚጠነክረው የፎይሉ ጀርባ ያልተበተነ እንደሆነ ነው።

ለማረጋገጥ ወፈር ያለ ፎይል ሞክሩ። ፕሮቶኖቹ ከተመለሱ ጥፋተኛው ተገኘ። ከዚያ የምቱን የጊዜ ቅርጽ ለኩ። የምትን ርዝመት ምቱን ከራሱ ቅጂ ጋር እያነጻጸረ የሚለካው ተራው ኦቶኮሪሌተር እዚህ አይረዳም፤ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ምስል ስለሚሰጥ ከፊት የመጣውንና ከኋላ የመጣውን አይለይም።

መፍትሄው የፕላዝማ መስታወት ነው። ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተቀባ መስታወት መንገዱ ላይ ይቀመጣል። ቅድመ-ምቱ አልፎት ይሄዳል። ዋናው ምት ሲደርስ ግን ገጹ ፕላዝማ ይሆንና ምቱን ወደ ዒላማው ያንጸባርቃል። ቅድመ-ምቱን መቶ እጥፍ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፦ ከጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለየተኩሱም አዲስ ገጽ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ፣ ከወርቅ ፎይል ፕሮቶን ከየት ይመጣል? ገጹ ላይ ከተለጠፈው ስስ የውሃና የሃይድሮካርቦን ሽፋን ነው። ፎይሉን አሙቃችሁ አጽድታችሁት ከሆነ ፕሮቶኑን ያባረራችሁት እናንተው ናችሁ።

ምልክት፦ በተኩሱ ቅጽበት ካሜራው ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ያስነሳል

ኤሌክትሪኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ዒላማውን እዩ። ትኩስ ኤሌክትሮኖች አምልጠው ሲሄዱ ዒላማው በፖዘቲቭ ቻርጅ ይሞላል። ይህን ለማካካስ በመያዣው በኩል ከባድ ጅረት ይሮጣል። መያዣው ያኔ እንደ አንቴና ይሆንና ክፍሉን በኤሌክትሮማግኔቲክ ምት ይሞላዋል። የብረት መያዣውን በፕላስቲክ ቀይሩ። ካሜራዎቹን በብረት ሳጥን ሸፍኑ፣ ኬብሉን በኦፕቲካል ፋይበር ተኩ። ወይም እንደ ፎቶ ፊልም ጨረሩን መዝግቦ በኋላ የሚነበበውን፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለውን ኢሜጂንግ ፕሌት ተጠቀሙ፤ እሱን ይህ ነገር አይነካውም።

ምልክት፦ በዝቅተኛ ጉልበት ፎከሱ ቆንጆ ነው፣ በሙሉ ጉልበት ውጤቱ ይዋዥቃል

ማጉያዎቹ ሲሞቁ የብርሃኑን የሞገድ ገጽ ያጣምሙታል፤ ስለዚህ በደንብ አይፎከስም። በተኩሶች መካከል ማጉያዎቹ እስኪበርዱ ጠብቁ፤ ቅርጹን የሚቀያይር መስታወት ካለም ማስተካከያውን በሙሉ ጉልበት በተለካ ቅርጽ ሥሩ።

ምልክት፦ የሾክ ፍጥነት የሚለካው ቪዛር ሾኩ ሳይደርስ ይታወራል

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ሾክ ሌዘሩ በናሙናው ውስጥ የሚሰደው ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ነው፤ ቪዛር ደግሞ በግልጽ መስኮት በኩል ብርሃን ልኮ ፍጥነቱን የሚለካ መሣሪያ ነው። ሌዘሩ ከሚመታው ፊት የሚወጣው ኤክስሬይ ከሾኩ ቀድሞ መስኮቱ ጋ ይደርሳል፤ ግልጽ የነበረውን መስኮት ብርሃን የማያሳልፍ ያደርገዋል። ከመታወሩ የባሰ ግን ሌላ ጉዳት አለ። ያው ኤክስሬይ ናሙናውን አስቀድሞ አሙቆት ሊሆን ይችላል። ያኔ መነሻው በክፍል ሙቀት ያለ ጠጣር ነው ብላችሁ ያሰላችሁት ግፊትና እፍጋት ሁሉ ይሳሳታል።

ሌዘሩ የሚያርፍበትን ገጽ ከቀላል ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ከፕላስቲክ፣ ሥሩት። ከሱ ጀርባ ኤክስሬይ የሚውጥ ስስ የወርቅ ንጣፍ አስገቡ። ንጣፉ በጨመረ ቁጥር ሾኩ ወዲያና ወዲህ እየነጠረ መረጃውን ስለሚያወሳስብ፣ ውፍረቱን በሲሙሌሽን ወስኑ። በግምት አይሆንም።

ምልክት፦ በማጉያው መስመር ላይ ያሉ መስታወቶች ይቃጠላሉ

ከፕላዝማው የተመለሰ ብርሃን በመጣበት መንገድ ሄዶ እንደገና እየጎለበተ ነው። ዒላማውን በጥቂት ዲግሪ አዘንብሉት፤ መስመሩ ላይም ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ፋራዳይ አይሶሌተር አስገቡ። ይህ ሳይስተካከል ቀጣዩን ተኩስ አትተኩሱ።