የጠፈርን መለጠጥ በስበት ሞገድ ማስላት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ለተቀመጠ ተማሪ የጠፈርን የመለጠጥ መጠን ለማስላት ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም፤ ይፋ የወጣው ዳታና ካልኩሌተር ይበቃሉ። መጠኑ የሚገኘው አንድ ጋላክሲ ከእኛ የሚርቅበትን ፍጥነት ለርቀቱ በማካፈል ነው። መነሻችን ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመዘገበው የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች) ግጭት ነው፤ ሲዞሩና ሲጋጩ የስበት ሞገድ፣ ማለትም በጠፈር ውስጥ የሚሰራጭ ንዝረት፣ አስነስተዋል።

ርቀቱን ከሞገዱ ውሰዱ። ድግግሞሹ የሚያሻቅብበት ፍጥነት የኮከቦቹን ክብደት ይሰጣል፤ ከክብደቱ ሞገዱ ሲነሳ የነበረው ብርታት ይታወቃል። እዚህ ሲደርስ ምን ያህል እንደደከመ ካያችሁ ርቀቱ 43.8 ሜጋፓርሴክ ይወጣል (አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው)።

ፍጥነቱን ደግሞ ከጋላክሲው ብርሃን ውሰዱ። ግጭቱ የደረሰበት ኤን ጂ ሲ 4993 ጋላክሲ ያለበት ቡድን በሰከንድ 3327 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህን እንዳለ እንዳታካፍሉት! 310 ያህሉ የአካባቢው ስበት ያመጣው ነው፤ ቀንሱት። 3017 ለ43.8 ሲካፈል 69 ገደማ፤ ማለትም በየሜጋፓርሴኩ በሰከንድ 69 ኪሎ ሜትር።

ተመራማሪዎቹ ያወጡት 70 ነው፤ ከ62 እስከ 82 ሊደርስ ይችላል። ክፍተቱ ለምን ሰፋ? ዋናው ጣጣ የጥንዶቹ ምሕዋር ዘንበል ማለት ነው፦ ወደ እኛ የዞረ ሩቅ መለከትና ጎኑን የሰጠ ቅርብ መለከት እኩል ይሰማሉ።

ከግጭቱ ብርሃን ካልታየ የትኛው ጋላክሲ እንደሆነ አይለይምና ሞገዱ በጠቆመው የሰማይ ክፍል ያሉትን ጋላክሲዎች ሁሉ በየዕድላቸው መዝኑ። አንድ ግጭት ብቻውን ግን እምብዛም አይፈይድም፤ ብዙዎቹን ደምሩ።