ክፍሉ በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ሲጽፍ

ባሕር ዳር ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆች ኦንላይን አብረው የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ እናንተ ግን በጉግል ስላይድስ ጀምሩ፤ ስላይድ በሚባሉ ገጾች ላይ ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፍበት ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ደግሞም ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ ለየጥንዱ የራሱ ስላይድ ይደርሰዋል። አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ብትለቋቸው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየገፋ ክፍለ ጊዜው በጭቅጭቅ ያልቃል።

መጀመሪያ ደብተር ላይ ይጻፉ። የእኛ ርዕስ ጣና ነበር፦ ለአንዱ ጥንድ ታንኳ፣ ለሌላው ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሣዎች፣ ለሌላው እምቦጭ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያልመጣ ኮምፒውተር አይነካም። መብራት ቢሄድም ትምህርቱ ይቀጥላል።

ፋይሉን ቤታችሁ አዘጋጁ። በየስላይዱ አናት ላይ የጥንዱን ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ የልጅ ሙሉ ስምና ፎቶ አይግባበት። ከዚያ ሼር የሚለውን ነክታችሁ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲጽፍ ፍቀዱ። ሊንኩ ረጅም ስለሆነ ልጆች ጽፈው አይዘልቁትም፣ ቀድማችሁ በየኮምፒውተሩ ክፈቱላቸው።

አካውንትስ? ጉግል በአብዛኛው አገር ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በራሱ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። እባካችሁ ዕድሜ ጨምራችሁ አትክፈቱላቸው፣ አያስፈልግምም። ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር ያለ አካውንት ይገባሉ፤ በስማቸው ፋንታ የእንስሳ ስም ይወጣላቸዋል፣ እሱን ደግሞ በጣም ይወዱታል።

ብዙ ጊዜ የሚበላው በአማርኛ መጻፉ ነው። «ጣ»ን ፍለጋ አምስት ደቂቃ ኪቦርዱ ላይ ያፈጠጠ ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስማቸውንና የሰፈራቸውን ስም በመጻፍ ብቻ ይለማመዱ።

መጥፋቱ አይቀርም። አንድ ልጅ ተሳስቶ የጎረቤቱ ስላይድ ላይ ገባና ሁሉንም አጠፋው። «ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል» ብላ የጻፈችው ልጅ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ብላችሁ ያጠፋው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ዜድን አብራችሁ ተጫኑ፤ ከሌላ ኮምፒውተር ብትሞክሩት የእሱን አይመልስም። ካልሆነ በራሳችሁ አካውንት ከላይ «ፋይል» የሚለውን ነክታችሁ ቨርዥን ሂስትሪን፣ ማለትም ፋይሉ ቀድሞ የነበረበትን የሚያሳየውን፣ ክፈቱ። ግን ሙሉውን ፋይል ወደ ኋላ ከመለሳችሁት ሌሎቹ ከዚያ ወዲህ የጻፉትም አብሮ ይሄዳል። እኔ የድሮውን ከፍቼ የእሷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀዳሁና መለስኩላት።

በሚቀጥለው ቀን እያንዳንዱ ጥንድ የጎረቤቱን ስላይድ አንብቦ በኮሜንት (ከስላይዱ ጎን በሚጻፍ አስተያየት) አንድ ጥያቄ ይጻፍ። «ቆንጆ ነው» ብቻ አይበቃም፣ ጥያቄ ይሁን። «ታንኳው ውኃ ሲጠጣ ምን ያደርጉታል?» የሚል መጣልኝና ጥንዶቹ መልሱን ሊጠይቁ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሐይቁ ዳር ሄዱ።

ደወሉ ሲደወል ሼር ውስጥ ተመለሱና ሊንኩን ወደ ማየት ብቻ ቀይሩት።